የፍጥነት ክስ በዳኛ ፊት

(በሬድዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በመኪና እንጓዝ ነበር። ጉባኤው የሚጀመረው ከጧቱ በአራት ሰዓት ስለ ነበረና እኛም ከጎንደር የተነሣነው ዘግይተን ስለ ሆነ፣ አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን ጀምሮ ዓይኔ ከሰዓቴ ላይ አልተነቀለም። ሾፌራችን በዕድሜ ከአባቴ የማያንሱ፣ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የተመላለሱ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይፍጠኑ» አልኋቸው። ጥቂት ቆይቼ ደገምሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ግን ምንም ሳይመልሱልኝ የነዳጁን መርገጫ ረገጡት።

ዳባት ስንደርስ ቀኑ የገበያ ቀን ኖሮ መንገዱ በሰውና በጭነት ከብት ተሞልቶ ነበር። ፍጥነታችንን እንደ ያዝን ከከተማው ዳር ገባን። ገብስ የተጫነች አንዲት አህያ በመኪናው ድምፅ ደንብራ ወደ ቦዩ ዘለለች፤ ጭነቱ ተገለበጠ፤ ስልቻው ተቀደደና ገብሱ ከአፈር ጋር ተደባለቀ። ከሰው ወገን የተነካ አልነበረም። ወዲያው ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ፤ አቆመን፤ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ፤ በከተማ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ በጣም በልጦ በመንዳት ብሎ የክሱን ወረቀት ጻፈ። እርሱ ሲጽፍ እኔ በመስኮቱ ወደ ኋላ ተመለከትሁ። አንዲት አሮጊት ተንበርክከው ገብሱን ከአፈሩ እየለዩ ይለቅሙ ነበር። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። በዚያን ቀን ግን የቸኮልነው እኛ ስንሆን የለቀሙት እርሳቸው ነበሩ።

በዚያች ሰዓት በልቤ የመጣው ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ አሮጊቷ አልነበረም። «ሰው አልሞተ፣ ሰው አልቆሰለ፤ ታዲያ በምን ጥፋት እንከሰሳለን?» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በፍጥነት ምክንያት ከዳኛ ፊት የሚቀርብ ሰው ሁሉ በአፉ ባይናገረው በልቡ የሚያነሣው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከታሪክ ብንፈልገው ጥቅም ያለው መስሎ ይታየኛል። መልሱም የሚገኘው ከዚያው ከተያዝንበት መንገድ ላይ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ደጋ አቋርጦ በዳባትና በወቅን በኩል ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ፣ ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ገደል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም ይዘልቃል። ይህ መንገድ መኪና የፈጠረው መንገድ አይደለም። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከምፅዋ ወደብ የሚመጣው ነጋዴና መንገደኛ በዚሁ በሊማሊሞ በኩል ይወጣ ነበር። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ይህንኑ ገደል ወጥቶ ነው። ከምፅዋ ወጥቶ ጎንደር እስኪደርስ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶበታል።

በዚያ ዘመን መንገደኛን የሚያቆመው ኬላ ነበር። ነጋዴ በኬላው ላይ ጭነቱን አውርዶ ቀረጡን ይከፍላል፤ ከፍሎም ያልፋል። ስለ ፍጥነቱ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። መቼም በሊማሊሞ ላይ የሚፈጥን በቅሎ ከማንም አስቀድሞ የሚገድለው ተቀማጩን ነውና፣ ገደሉ ራሱ ዳኛም ቀጪም ሆኖ ይኖር ነበር።

ስለዚህ የጥንቱ ሕጋችን በመንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚናገረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር። የሞተ ካለ ስለ ደሙ፣ የጠፋ ንብረት ካለ ስለ ካሳው ይከራከራሉ፤ ዳኛም ይፈርዳል። ይህንን የሚያስረዳ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ጨዋታ አለ። አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ከሥሩ በነበረው ጓደኛው ላይ ወደቀና ገደለው። የሟች ወገኖችም «ደም በደም ካልተመለሰ» ብለው ከዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛውም ነገሩን ከሰሙ በኋላ «መልካም ነው፤ ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፤ ከሟች ወገን አንዱ ከዚያው ዛፍ ላይ ወጥቶ ይውደቅበት» ሲሉ ፈረዱ። ከወገኖቹ መካከል ሊወድቅ የወደደ ሰው ስላልተገኘ ካሳ ተቀብለው ታረቁ ይባላል።

የዳኛው ብልኅነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚያ ችሎት የተጠየቀው «ማን ሞተ? ማን ገደለ?» ተብሎ ነው። «ልጁ ያን ደረቅ ቅርንጫፍ ስለ ምን ረገጠው?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ የለም። ቅርንጫፉ ሳይሰበር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ በሰላም ወርዶ ወደ ቤቱ በገባ ነበር፤ ጥፋት መሥራቱንም ማንም ባላወቀ ነበር።

ሆኖም አባቶቻችን ጉዳት ሳይደርስ ሰውን የሚያቆሙበት ቃል አጥተው አልኖሩም። ያ ቃል «በሕግ አምላክ!» የሚለው ነው። የተቆጣ ሰው ዱላውን አንሥቶ ሊመታ ሲል አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለው እጁን ማውረድ ይገባው ነበር። ሁለት ተሟጋቾች በመንገድ ላይ ቢጣሉ የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዳኛው ሩቅ ቢሆን አላፊ አግዳሚውን «ፍረደን» ብለው ከዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። መንገዱ ራሱ ችሎት ነበር ማለት ነው። ቃሉን የሚናገረው ሰው ወታደር ወይም ባለ ሥልጣን መሆን አያስፈልገውም ነበር፤ ባላገርም ይናገረዋል፤ ሴትም ትናገረዋለች። የሚያስቆመው የተናጋሪው ክንድ ሳይሆን የሕጉ ክብር ነበርና።

ከዚህ በኋላ መኪና መጣ። መኪና ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ጕልበቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ሳይቆጣ፣ ሳይጠላና ዱላ ሳያነሣ ሌላውን ሰው ሊገድል መቻሉ ነው። በዚህም ምክንያት በዓለም ያሉ ሕግ አውጪዎች ሁሉ ተጨነቁ። የእንግሊዝ አገር ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ባወጣው ሕግ፣ በመንገድ ላይ በሞተር የሚሄድ ሠረገላ ሁሉ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ውስጥ ከ2 ማይል እንዳያልፍ፣ በፊቱም ቀይ ሰንደቅ የያዘ ሰው በእግሩ እየሄደ እንዲያስጠነቅቅ አዘዘ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም.፣ ይኸውም የዓድዋ ድል አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ዋልተር አርኖልድ የተባለ ሰው በኬንት አውራጃ ውስጥ 2 ማይል በተፈቀደበት ስፍራ 8 ማይል ሲነዳ ተገኘ። አንድ ፖሊስ በቢስክሌት አባርሮ ያዘውና ከዳኛ ፊት አቀረበው፤ ስለ ፍጥነቱም አንድ ሽልንግ ተቀጣ። በፍጥነት ጥፋት የመጀመሪያው ተቀጪ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። 8 ማይል ማለት በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት የወገራ ሰጋር በቅሎ ከዚህ ብዙም የምታንስ አይደለችምና ነገሩ ዛሬ ያስቀናል እንጂ አያስፈራም። ነገር ግን በዚያ ትንሽ ቅጣት ውስጥ አንድ ትልቅ አዲስ ነገር ነበረ። ዋልተር አርኖልድ ማንንም አልገጨም፤ ሕጉ ግን ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠብቅ ጠየቀው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀምጠውበታል። በስሜን በኩል ግን የሊማሊሞ ገደል ለመኪና የተገዛው ኋላ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣሊያኖች ከአሥመራ እስከ ጎንደር ሠራዊታቸውንና ስንቃቸውን ለማመላለስ ሲሉ ገደሉን በድማሚት እየናዱ፣ በግንብ እየደገፉ፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዘውን መንገድ አወጡ። መንገዱ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ ዛሪማ ቆላ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የወልቅፊት ምሽግም በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ተከተለች። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። መንገዱ ሲቀር ግን ከእርሱ ጋር አብሮ የቀረ የመንገድ ጠባይ አልነበረም። የባላገሩ መንገድ የነበረው ስፍራ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የካሚዮን መንገድ ሆነ፤ እግረኛው፣ አህያውና መኪናው ማን ለማን እንደሚቆም ሳይነጋገሩ በአንድ ጥርጊያ ላይ ተገናኙ።

ይህንን ንግግር የሚተካው ሕግ መሆን ነበረበት። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሞ፣ ቀድሞ በገበያ መካከል በነጋሪት ድምፅ ይነገር የነበረው አዋጅ በጽሑፍ ይወጣ ጀመር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከታሰበበት ግድያ ለይቶ ከመደንገጉም በላይ፣ ለደንብ መተላለፍ የራሱን ክፍል ሰጠው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቁጥር፣ መኪና ያደረሰውን ጉዳት ሁሉ የመኪናው ባለቤት እንዲክስ አዘዘ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የደንብ መተላለፍ ክስ እንደ ታላቅ ወንጀል ሳይራዘም በአጭር ሥርዓት እንዲታይ፣ ጥፋቱን የሚያምን ሰውም ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ መንገድ ከፈተ።

የመንገድ ሕግ የሁላችን ስምምነት መሆኑን የሚያሳይ አንድ ቀን በታሪካችን አለ። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ትናንት ትክክል የነበረው በአንድ ሌሊት ጥፋት ሆነ፤ ትናንት ጥፋት የነበረው ትክክል ሆነ። ግራው ከቀኙ የሚከፋበት ምክንያት ኖሮ አይደለም። ነገር ግን አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ከነዳ ሁለቱም ይሞታሉ። ስለዚህ «እኔ መንዳት አውቃለሁ፤ ለእኔ ይህ ፍጥነት አያሰጋኝም» የሚል ሰው ነገሩን ስቶታል። በመንገድ ላይ የሚጠየቀው የአንድ ሰው ችሎታ ሳይሆን ሌላው ሰው ተማምኖበት የሚሻገረው ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ ስለ ቸልተኛ ገዳይ ይናገራል። እንደ ሾፌር ያለ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጫ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ግልጽ የሆነውን ደንብ እያወቀ ጥሶ የገደለ እንደ ሆነ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደ ሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እንግዲህ የፍጥነቱን ምልክት አይቶ፣ አውቆ፣ ያለፈውን ሾፌር እናስብ። በገበያው ዳር ማንም ባይኖር በትንሽ መቀጫ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ሕፃን ብቅ ቢል 15 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የእግሩ አረጋገጥ አንድ ነው፤ መሪው አንድ ነው፤ ሐሳቡም አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሾፌሩ እጅ ውስጥ ሳይሆን በመንገዱ ዳር በነበረው ሰው ዕድል ላይ ብቻ ነው።

ለዚህም ሒሳቡ ግልጽ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ የመኪኖች አማካይ ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ከመቶ አራት እጅ ይጨምራል። ይኸው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ የሞተውን ሰው 1.19 ሚሊዮን ብሎ ቈጥሮታል። ከነዚህም ከመቶው 92ቱ የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ባለ ቢስክሌቶችና ባለ ሞተር ቢስክሌቶች ናቸው። መኪና የሌለው ሰው የመኪናን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ የፍጥነት ክስ የሚባለው ሕጉ «ያን ደረቅ ቅርንጫፍ ስለ ምን ረገጥኸው?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅበት ጥያቄ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚናገር ሕግ ለሟች የሚሰጠው ነገር የለውም። ደም ሳይፈስ የሚናገር ሕግ ግን ሟቹንም ገዳዩንም ያድናል። ስለዚህ በዚህ ክስ ከዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ስሙ ተከሳሽ ይሁን እንጂ በእውነቱ ከታላቅ መከራ የተረፈ ሰው ነው።

ተከሳሹስ እንዴት ሊቆም ይገባዋል? ከሁሉ አስቀድሞ የክሱን ወረቀት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባዋል፤ የተጻፈው ቀን፣ ስፍራና ፍጥነት ትክክል መሆኑን ይመርምር። ካላጠፋ ይከራከር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፣ የተከሰሰ ሰው ክሱን በዝርዝር እንዲያውቅ፣ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከትና ምስክሮችን እንዲጠይቅ፣ የራሱንም ማስረጃ እንዲያቀርብ፣ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥም እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር መብት ሰጥቶታል። ፍጥነቱ በምን ተለካ፣ የፍጥነቱ ምልክት ለዓይን ይታይ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ፍርዱን ያጠራዋል እንጂ። በፍርዱ ቅር ቢለው ይግባኝ አለ። ካጠፋ ግን ይመን። የሰው ልጅ ከሚሠራቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ በአደባባይ «አጥፍቻለሁ» ማለት ነውና፣ ዳኛም ይህን ቃል አክብሮ ይመለከተዋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ሦስተኛ መንገድ የምንፈልግበት ጊዜ አለ። እርሱም ስልክ መደወል፣ ዘመድ መፈለግ፣ «በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለ ነውና ይታለፍልን» የሚል በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ማጻፍ ነው። መማለጃ የሚባለው ገንዘብ ብቻ እንዳይመስለን። ማኅተምም መማለጃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔም ከደባርቅ በተመለስሁ በማግሥቱ ይህንኑ ደብዳቤ ለማጻፍ አስቤ ለሾፌራችን ነገርኋቸው።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጌታዬ፣ በደብዳቤው ላይ ምን ብለው ሊያጽፉ ነው?» አሉኝ።

«ማንንም አልነካንም ብዬ ነዋ፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ብንነካስ ኖሮ ለማን ነበር የምናጽፈው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ከእኛ በፊት በመሬትና በከብት የሚሟገቱ ባላገሮች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ ዳኛው ክሱን አነበቡና «ምን ይላሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ሾፌራችን ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ «ጥፋቴ ነው፤ ገበያተኛውን እያየሁ አልቀነስሁም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስሜን ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ አልጠሩትም። ዝምታቸው ከክስ ይልቅ ከበደኝና እጄን አውጥቼ ለመናገር ፈቃድ ለመንሁ። «ክቡር ዳኛ፣ ሦስት ጊዜ ፍጠኑ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ዳኛውም አተኵረው ተመለከቱኝና «ሕጉ የሚጠይቀው መሪውን የያዘውን ነው፤ የእርስዎን ድርሻ እርስዎ ራስዎን ይጠይቁት» አሉኝ። ከዚያም በመቀጫ ፈረዱ። ከችሎት ስንወጣ መቀጫውን እኔ ልክፈል ብል ሾፌራችን እምቢ አሉ፤ ብዙ ከተከራከርን በኋላ እኩል ከፈልን።

አንባቢ ሆይ፤ ይህንን የነገርሁዎ ራሴን ለማመስገን አይደለም። የሚመሰገነውን ሥራ የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ እኔማ የተናገርሁት ከረፈደ በኋላ ነው። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሰዓታችንን እያየን «ይፍጠኑ» የምንል ሰዎች ብዙ ነን። መንጃ ፈቃዱ የሾፌሩ፣ ክሱም የሾፌሩ፣ የነጥቡ መዝገብም የሾፌሩ ነው። የሚዘገይ ጉባኤ በይቅርታ ይታለፋል። ከእንጀራው በላይ የሚፈራን ሾፌር ግን በአንዲት ቃል ወደ ወህኒ ልንልከው እንችላለን። ስለዚህ ከመንገድ በፊት በጊዜ መነሣት ከሥራችን እንደ አንዱ ክፍል ሊቈጠር ይገባዋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከችሎት መልስ በዳባት ስናልፍ አሮጊቷን ፈለግናቸው። ስማቸውን አናውቅም፤ ቀበሌያቸውን አናውቅም፤ የገበያ ቀንም አልነበረም። የጠየቅናቸው ሰዎች «ገብስ የተደፋባት ሴት ብዙ ናት» አሉን። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ2081ኛው ቁጥር የጻፈው ካሳ ለእርሳቸውም የተጻፈ ነበር። ነገር ግን እርሳቸው ቁጥሩን አያውቁትም፤ ቢያውቁትም የመኪናችንን ታርጋ ሳይሆን የገብሳቸውን ፍሬ ሲመለከቱ ነበር። ለመንግሥት ደንብ የሚገባውን ከፈልን፤ ለእርሳቸው የሚገባውን ግን አልከፈልንም።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታናድደኛለች» ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው። እኛ በፍርድ የከፈልነው ገንዘብ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ያለ ፍርድ የሄደው የአሮጊቷ ጭብጦ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በወገራ ደጋም ሆነ በአዲስ አበባ አደባባይ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ስንሰማ፣ በጥንት ዘመን አንዲት መንገደኛ እጇን አንሥታ የተናገረችውን ቃል እናስታውስ። ፊሽካው የሚናገረው ያንኑ ቃል ነው፤ «በሕግ አምላክ!» እያለ። በዚያ ቃል የቆመ ሰው አልተዋረደም፤ ድኗል እንጂ።